እንግዳቸውን በሰላም የሸኙት እናት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ስለ እናቶች እናወራለን። በየቤታችን ሞሰቡን ሲያቀርቡ፣ ቡናውን ሲያፈሉ፣ መንገደኛውን ሲቀበሉና ሲሸኙ ኖረው ስላለፉ እናቶች። ከነሱም መካከል ታሪክ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ያያቸውን አንዲት የወሎ ሙስሊም እናት እናነሳለን። ወደሳቸው ከመሄዳችን በፊት ግን ከራሳችን ደጅ እንጀምር።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ ጭጋጉን ከኋላው ጥሎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ከዚያም አርማንያን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ብርዱ ቀርቶ ጋቢውን ያወልቃል። ላይኛው አገር ገብስና ባቄላ ነው፤ ታችኛው የይፋት ቆላ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ነው። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። መኪና ሳይገባ በፊት ይህ የበቅሎና የግመል መንገድ ነበር። ሆቴልም አልጋ ቤትም አልነበረም። የመሸበት ሰው ከአንድ ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የአላህ እንግዳ ነኝ» ይላል። ደጁም ይከፈትለታል።

ያሳደጉን አያታችን ደብረ ሲና ላይ እንዲህ ደጅ ከሚከፍቱት አንዷ ነበሩ። ዒሻን ሰግደው፣ ዚክራቸውን አድርሰው ሲያበቁ አንድ እንጀራ ከነወጡ ሞሰብ ውስጥ ከድነው ያስቀምጡ ነበር። እኛ ልጆች ሆነን «እማ፣ ማን ሊመጣ ነው?» እንላቸዋለን። «እሱን አላህ ያውቃል፤ ድርሻው ግን ቀድሞት መጥቷል» ይሉናል። ማንም ሳይመጣ ከነጋ ያቺ እንጀራ ለደረሳዎች ትሄዳለች። የመጣው እንግዳ ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ የኛን ሥጋ ብላ ብለው አያስጨንቁትም። ጾም ከሆነ ሽሮውን ያቀርቡለታል፤ ፍስክ ከሆነ ዶሮዋን ከነነፍሷ ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ይልካሉ፤ እዚያ ታርዳ፣ እዚያ ተሠርታ ትመጣለታለች። በማለዳም እንግዳውን ብቻውን አይለቁትም። ነጠላቸውን ጣል አድርገው፣ ዱዓ እያደረጉለት እስከ መንገዱ አፍ ይሸኙታል። «እንግዳ ከደጄ በሰላም ሳይወጣ ተቀበልሁት አልልም» የሚል አባባል ነበራቸው። በልጅነታችን ነገሩ አልገባንም። ዛሬ ግን የዚህ ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው የሳቸው ቃል ነው።

አያታችን ወደ አኼራ ሲሄዱ (አላህ ይዘንላቸውና) ስለሳቸው የተጻፈ ነገር ፈለግን። ምንም አልነበረም። የተወለዱበትን ዓመት እንኳ በትክክል የሚነግረን ሰው አላገኘንም። ያን ሁሉ ሺህ እንጀራ የጋገሩ፣ ያን ሁሉ መንገደኛ ያሳደሩ እናት በወረቀት ላይ የሉም።

ወገኖቻችን! ይህ የኛ ቤት ጉድለት ብቻ አይደለም። የይፋትን ታሪክ ወደ ኋላ ሄደን ብናገላብጥ ያው ነው። ከይፋት ሱልጣኔት በፊት በምሥራቅ ሸዋ የነበረውን እስላማዊ መንግሥት የሚተርክ አንድ አጭር የዐረብኛ ዜና መዋዕል አለ። ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ኢጣሊያዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1941 አሳትሞታል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ከሚገኙት ቀደምት ስሞች አንዱ የሴት ስም ነው። ባዲት ቢንት ማያ የተባለች ንግሥት በ455 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1063 መሞቷን ይነግረናል። ይኸው ነው። ምን እንደሠራች፣ ማንን እንደተቀበለች፣ ማንን እንዳሳደገች አይነግረንም። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ የሱልጣኖችን ሹመትና ሽረት፣ የጦርነትን ወሬ ይዘረዝራል፤ እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ቤት ያንን መንግሥት ማሸነፉን ይተርካል። ዛሬ በይፋት ኖራና አስበሪ ላይ የጥንት መስጊዶች ፍርስራሽ ቆሟል። ድንጋዩን የጠረቡት ወንዶች እንደነበሩ ማንም ይገምታል። ለነዚያ ጠራቢዎች እንጀራ የጋገረችውን ማን ያስባል?

እንግዲህ የእናት ታሪክ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው። ያቺ አንድ መስመር የምትረዝመው በደጇ ንጉሥ ሲያልፍ ብቻ ነው። ወይዘሮ ወርቂት የደረሰባቸው ይህ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው እዚሁ ሸዋ ነው። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲወጉ የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታምመው ሞቱ። ልጃቸው ምኒልክ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ቴዎድሮስ ማርከው ወሰዱት። እንደ እስረኛም እንደ ልጅም አድርገው አሳደጉት፤ በኋላም ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። ዐሥር ዓመት ያህል አለፈ። በ1857 ዓ.ም. በሰኔ ማብቂያ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ምኒልክ ከጥቂት የሸዋ ተከታዮቹ ጋር ሌሊት ከመቅደላ አምባ ወርዶ ጠፋ። ሚስቱን ትቶ ነው የሄደው።

ከመቅደላ የሚወርድ ሰው ወሎ ላይ ይወድቃል። በዚያ ጊዜ ከአምባው ሥር ያለውን አገር ከሚገዙት የወሎ ኦሮሞ ባላባቶች አንዷ ወይዘሮ ወርቂት ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፤ ግዛታቸውን የሚመሩ፣ ጦር የሚያዙ ሴት ናቸው። ከቴዎድሮስ ጋር የቆየ ጠብ ነበራቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ የሚያስጨንቃቸው ነገር ነበር። ልጃቸው በመያዣነት መቅደላ ላይ በእግር ብረት ታስሮ ነበር።

አድማጮቻችን! እስቲ ነገሩን እናስበው። ልጇ ከተራራው ላይ ታስሯል። የአሳሪው ጌታ ትልቁ ምርኮኛ፣ የዙፋን ወራሽ፣ ሌሊቱን ጠፍቶ ከሷ ሰፈር ገብቷል። ይህንን እንግዳ ብትመልሰው ልጇን ሊመልሱላት ይችላሉ። ከእናት አንጀት ፊት ከዚህ የከበደ ሚዛን ምን አለ?

ከዚህ በኋላ የሆነው በሁለት መንገድ ይተረካል። በአንደኛው አተራረክ፣ መኳንንታቸው «ይህን ልጅ ስጡና ልጅዎን ያስፈቱ» ብለው ቢመክሯቸውም ወይዘሮ ወርቂት እንግዳቸውን አሳልፈው አልሰጡም። በሁለተኛው አተራረክ፣ ምኒልክን ይዘው አቆዩትና «ልጄን ፍታልኝ» ብለው ወደ ቴዎድሮስ ላኩ። እኛ ከሁለቱ አንዱን መርጠን ሌላውን አንደብቅም። ልጇን ለማዳን የሞከረች እናት ብትሆን እንኳ የሚወቅሳት ልብ የለንም።

ሁለቱም አተራረኮች የሚስማሙበት ነገር አለ። ከመቅደላ እስረኞች አንዱ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ብላንክ ራሱ ወደ መቅደላ የተወሰደው በዓመቱ ነውና የጻፈው እዚያ የሰማውን ነው። እንደ እሱ አባባል ቴዎድሮስ ማልደው በመነጽር ቁልቁል ሲመለከቱ የኮበለለው ምኒልክ ወደ ወርቂት ሰፈር ሲገባ አዩ። ወርቂት የተፈታ ልጅ ስላገኘች የታሰረው አያስፈልጋትም የሚል ቃልም ተናገሩ። የወርቂትም ልጅ ከሌሎች የወሎ መያዣዎች ጋር ያን ጊዜውኑ ተገደለ።

የልጁ ሞት ለእናቱ ተነገረ። በዚያች ሰዓት ምኒልክ አሁንም ከሳቸው እጅ ነበር።

ይህችን ሰዓት በችኮላ አንለፋት። የልጃቸው ሞት ምክንያቱ የዚህ እንግዳ መምጣት ነው። እንግዳው ብቸኛ ነው፤ ተከታዮቹ ጥቂት ናቸው። በዚያ ዘመን ለደም ደም መመለስ ነውር አልነበረም። ቴዎድሮስን ሊደርሱባቸው አይችሉም፤ ይህ ልጅ ግን ከደጃቸው ተቀምጧል። የሌላ ሃይማኖት ሰው ነው፤ ወቅቱም ክርስቲያኖች የሐዋርያትን ጾም የሚጾሙበት የሰኔ ማብቂያ ነበር። በሐዘን የነደደ ልብ ሰበብ አያጣም። ወይዘሮ ወርቂት ግን አጃቢ ሰጥተው እንግዳቸውን ወደ ሸዋ ሸኙት። የራሳቸው ልጅ ያልተመለሰበትን መንገድ የሌላዋ እናት ልጅ በሰላም ሄደበት። ምኒልክ ሸዋ ደርሶ፣ ቴዎድሮስ ሾመውት በኋላ የሸፈተውን አቶ በዛብህን አሸንፎ አንኮበር ገባ፤ የሸዋ ንጉሥም ተባለ።

ምናልባት አንዳንድ አድማጭ «ይህ ሁሉ ፖለቲካ አይደለምን? የጠላታቸውን ጠላት ማጠናከራቸው አይደለምን?» ሊል ይችላል። ትክክል ነው፤ ወይዘሮ ወርቂት ገዥ ነበሩ፣ የገዥም ስሌት ነበራቸው። ነገር ግን ልጁን የተነጠቀ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚያስበው ስሌት አይደለም። በዚያን ቀን ሰውን የሚይዘው ቀድሞ በውስጡ የተተከለው ነገር ነው። በኛ አገር ቤቶች ውስጥ የተተከለው ደግሞ የእንግዳ ሐቅ ነው።

ይህ ሐቅ ከየት መጣ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው እንግዳውን ያክብር ብለው አስተምረዋል፤ ይህ ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ቁርኣን የነቢዩ ኢብራሂምን (ዐ.ሰ) መስተንግዶ ይነግረናል፤ ማንነታቸውን ላላወቃቸው እንግዶች ሳይጠየቁ የተጠበሰ ወይፈን አቀረቡ። በሱረቱ ተውባም ከአጋሪዎች አንዱ ጥበቃ ቢጠይቅ ጥበቃ እንዲሰጠው፣ ከዚያም ወደሚተማመንበት ስፍራ እንዲደርስ ታዟል። ልብ በሉ! ትእዛዙ መቀበል ላይ አላበቃም፤ ማድረስም አለበት። አያታችን «በሰላም ሳይወጣ ተቀበልሁት አልልም» ሲሉ የነበረው ይህንኑ ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ከየት እንደተማሩት አሁን ገባን።

ሌላም መዝገብ አለብን። እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ተሰደው ወደ ሐበሻ ምድር መጡ። ቁረይሾች አምር ኢብኑል ዓስን ከባልደረባው ጋር ስጦታ አስይዘው ላኩ፤ ስደተኞቹን መልስልን ብለውም ነጃሺን ጠየቁ። ክርስቲያኑ ንጉሥ እንግዶቹን አቅርቦ ቃላቸውን ሰማ፤ ስጦታውን መለሰ፤ እንግዶቹን ግን አልመለሰም። ከዚያ ዘመን እስከ ወይዘሮ ወርቂት ድረስ 1,250 ዓመት ነው። በነዚያ ዓመታት መካከል በሁለቱ ሃይማኖቶች ሰዎች መካከል ብዙ ደም ፈስሷል፤ አንክድም። ያም ሆኖ በመቅደላ ግርጌ አንዲት ሙስሊም እናት አንድን ክርስቲያን ስደተኛ በሰላም አሳለፉ። ለነጃሺ የቀረበለት ዋጋ ስጦታ ነበር። ለወይዘሮ ወርቂት የቀረበላቸው ዋጋ ግን የማሕፀናቸው ፍሬ ነበር።

አድማጮቻችን «ታዲያ እንግዳው ውለታውን መለሰ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ታሪኩ መራራ ነው። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዞች እጅ ወደቀ፤ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ገደሉ። ከዚያ በኋላ ንጉሥ ምኒልክ ወደ ወሎ የገቡት በጦር ነበር፤ ወረኢሉ ላይም ከተሙ። በ1870 ዓ.ም. ደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ጉባኤ የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ ተደረገ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ በአፄ ዮሐንስ ክርስትና አባትነት ሚካኤል ተባሉ። አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የሳቸው የክርስትና አባት ምኒልክ ነበሩ። ተራው ሙስሊምም ብዙ መከራ አየ፤ ዑለማዎች ተሰደዱ፤ እነ ሼህ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር ተነሡ። በወሎ ሙስሊም ቤት ተጠልሎ ነፍሱን ያተረፈው ወጣት ንጉሥ ሆኖ ሲመጣ የወሎን ሙስሊሞች ቤት ያናወጠው ጉባኤ ተካፋይ ሆነ።

ይህን የምንናገረው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። መስተንግዶ ብድር አለመሆኑን ለማሳየት ነው። በሱረቱል ኢንሳን ደጋግ ሰዎች ድሃውን፣ የቲሙንና ምርኮኛውን ሲያበሉ ለአላህ ፊት ብለው እንደሚያበሉ፣ ከተቀባዩ ዋጋም ምስጋናም እንደማይፈልጉ ተነግሮናል። ብድር ቢሆን ኖሮ የወይዘሮ ወርቂት ሥራ ከስሮ ነበር። ቤቱን ለሰው ውለታ ብሎ የከፈተ ሰው አንድ ቀን ውለታ ቢስ ሲያጋጥመው ደጁን ይዘጋል። ለአላህ ብሎ የከፈተ ግን ነገም ይከፍታል። ሥራው ዱንያ ላይ ቢጠፋ ከአኼራ መዝገብ አይፋቅም።

ይህ ጉዳይ ዛሬም አልቀረም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ ምን እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ሕዝብ ተፈናቀለ። ያን መንገድ በፍርሃት የሚያልፍ ሰው በዛ። እንዲህ ባለ ጊዜ ደጅ የሚያንኳኳው እንግዳ የሌላ ብሔር፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው ሊሆን ይችላል። የገዛ ወገናችን ሬሳ ገና ሳይቀበር ሊያንኳኳም ይችላል። ያኔ ምን እናደርጋለን? ንዴቱ እውነት ነው፤ ሐዘኑም እውነት ነው። ነገር ግን ከደጃችን የቆመው ሰው ገዳዩ አይደለም። ወይዘሮ ወርቂት ልጃቸውን የገደለውንና ከቤታቸው የተጠለለውን ለይተው አወቁ። ይህች ልዩነት ዛሬ ከኛ መካከል ብዙውን አስታለች። ስንቱ በተራራው ላይ ባለው ሰው ተናድዶ ከደጁ የቆመውን ይመታል!

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይዘን እንለያይ።

የመጀመሪያው የእንግዳን አማና መጠበቅ ነው። ቡና ማፍላትና እንጀራ ማቅረብ የሚያምረው በሰላም ቀን ነው፤ አማናው የሚለካው ግን ልብ በቆሰለ ቀን ነው። እንግዳው በሰላም ይውጣ። እስከ መንገዱ አፍ ይሸኝ።

ሁለተኛው እናቶቻችንን መጻፍ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በስድስት ዓመታቸው እናታቸው አሚና አብዋእ ላይ ሲሞቱባቸው ወደ መካ ይዛ የመለሰቻቸው ሐበሻዊቷ በረካ፣ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ነበረች። ነቢዩ ከእናቴ ቀጥላ እናቴ ናት ይሏት ነበር። የሲራ ጸሐፊዎች ይህችን ሴት «ሠራተኛ ነበረች» ብለው አልዘለሏትም፤ ስሟን፣ ልጆቿን፣ ስደቷን፣ ኢማኗን መዝግበው አቆዩልን። እኛ ግን የገዛ አያቶቻችንን የት አስቀመጥናቸው? ዛሬ ስልክ የሌለው ሰው ጥቂት ነው፤ ድምፅም ይቀዳል። በየቤታችሁ ያሉትን እናቶች አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው። ማን አሳደጋቸው? በክፉ ቀን ማንን ደበቁ? ማንንስ ሸኙ? መልሳቸውን ቀንና ቦታ ጨምራችሁ ጻፉት። ባዲት ቢንት ማያ ከዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመት በኋላ የቀረላት አንድ መስመር ነው። ለኛ እናቶች ያቺ አንዷ መስመር እንኳ እንዳትጎድል።

የኛ አያት ሞሰብ ዛሬም ቤታችን አለ። ከድነው ያስቀምጧት የነበረችውን እንጀራ አሁን ባለቤቶቻችንና ልጆቻችን ያስቀምጣሉ ብንል ዋሽተናል፤ ብዙ ማታ እንረሳለን። ይህን ንግግር ያዘጋጀን ለት ግን አስታወስን፤ አስቀመጥንም። ሌሊቱን ማንም አልመጣም። ጠዋት ለደረሳዎች ሄደች።

አላህ (ሱ.ወ) ቤታቸውን ለመንገደኛ ከፍተው ያለፉትን እናቶቻችንን ይማርልን፤ ማረፊያቸውን ጀነት ያድርግልን። ልጆቻቸውን ያጡትን እናቶች ሶብር ይስጣቸው። በይፋትም፣ በወሎም፣ በመላ አገራችንም የመሸበት ሰው የማይፈራበት ደጅ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።